የአእምሮ ሕክምና ክትትል ማቋረጥን ለማጥናት ካርድ፣ መዝገብ ወይስ ወርሃዊ ሪፖርት? ልምድ ያላችሁን ምክር እጠይቃለሁ

ጠያቂዋ (የሕዝብ ጤና ማስተርስ ተማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። በሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ወደ ትምህርት ከመመለሴ በፊት በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ጥያቄም ይዤው የወጣሁት ከዚያው ክፍል ነው፦ በስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ በሚያርቅ ጽኑ የአእምሮ ሕመም) ወይም በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ በሚወጣበትና በሚወርድበት) ሕመም ሕክምና ከሚጀምሩ ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ክትትላቸውን የሚያቋርጡት ምን ያህል ናቸው? የሚያቋርጡትስ ከሚቀጥሉት በምን ይለያሉ?

አማካሪዬ አዲስ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት ለመዞር ጊዜውም ገንዘቡም ስለሌለን፣ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ቀድሞ በተመዘገበ መረጃ እንድሠራ መክረውኛል፤ እኔም ተስማምቻለሁ። የተቸገርኩት ከየትኛው መረጃ እንደምነሳ በመወሰን ነው። በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት የአገልግሎት ቁጥራቸውን በሚልኩበት የኮምፒውተር ሥርዓት) በየወሩ የሚላከው ሪፖርት በቀላሉ የሚገኝና ብዙ ወረዳዎችን የሚሸፍን ነው። የሆስፒታሉ ካርድና የክፍሉ መዝገብ ደግሞ ዝርዝር አላቸው፤ ነገር ግን በእጅ የተጻፉ ናቸው። ፋርማሲው የራሱ መዝገብ አለው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጽሕፈት ቤቱም ሆስፒታሉ ክፍያ የጠየቀባቸውን ሰነዶች ያስቀምጣል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በበኩሉ የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አውርጄ ብሠራ ከሁሉም እንደሚቀለኝ ነግሮኛል።

እጅግ ያሳሰበኝን ነገር ልግለጽ። ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ ፈቃድ አግኝቼ ጥቂት ካርዶችን ለሙከራ አይቼ ነበር። የአንድ ወጣት ካርድ ጥር ላይ «ተሽሎታል፣ መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ከወር በኋላ ይመለስ» በሚል ማስታወሻ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። እንደ ጥናቴ አተረጓጎም ይህ ሰው ክትትሉን ያቋረጠ ነው። እኔ ግን እናቱ በየወሩ መጥተው መድኃኒቱን ሲወስዱለት በዓይኔ አይቻለሁ። ቆይቼ ስፈልግ የአባቱ ስም በሌላ ፊደል የተጻፈበት፣ ሌላ ቁጥር የተሰጠው ሁለተኛ ካርድ ተገኘ። ይህን ልጅ ባላውቀው ኖሮ ከጠፉት ጋር ቆጥሬው አልፍ ነበር። የማላውቃቸውን ሰዎች በተመለከተ ምን ላድርግ?

መልስ 1 (የጤና መረጃ ባለሙያ)

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ብዙ ዓመት የሠራሁበት ካርድ ክፍል በዓይኔ መጣ። ስለ ስታቲስቲክሱ ሌሎች ይናገራሉ፤ እኔ ወረቀቱ እንዴት እንደሚጻፍ ልንገርዎት።

ወርሃዊው ሪፖርት ለዚህ ጥያቄ እንደማያገለግል በድፍረት እናገራለሁ። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ምልልስን እንጂ ሰውን አይደለም። አንዲት ታማሚ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ብትመጣ በየወሩ ቆጠራ ላይ አንድ አንድ ምልክት ትሆናለች፤ ምልክቶቹ በበሽታ፣ በዕድሜና በጾታ ተደምረው ወደ ወረዳ ሲላኩ የመስከረሟ ሴት የኅዳሯ ሴት መሆኗን የሚያውቅ ማንም አይኖርም። ሰውን በጊዜ ውስጥ መከተል ካልተቻለ ደግሞ ማን እንዳቋረጠ ማወቅ አይቻልም። ለሌላ ጥያቄ ግን ጥሩ ምንጭ ነው። ለምሳሌ በአንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ከተመደበ ወዲህ አገልግሎቱ ጨምሮ እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው ከዚያ ቢጀምር አይሳሳትም። ያን ጊዜም ቢሆን የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ 20 መሆኑን መርሳት የለበትም፤ «የጥር ሪፖርት» የሚባለው ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ያለውን ሥራ ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ያገኙት ሁለተኛ ካርድ በየቦታው ያለ ነገር ነው። ታማሚው የካርድ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ረስቶ ሲመጣ በስም እንፈልጋለን፤ ስሙ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣል። ስሙ ለምን እንዳልተገኘ ደግሞ ፊደላችንን የሚያውቅ ይረዳዋል። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ የሚጻፈው ስም ሲነበብ አንድ ነው፤ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ወልደ ማርያም ተለያይቶ፣ ወልደማርያም ተገጥሞ፣ ወ/ማርያም በአጭሩ ይጻፋል። ሥርዓቱ ኤሌክትሮኒክ ሆኖ ስሙ በላቲን ፊደል የገባ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል። የአያት ስም ብዙ ጊዜ ይቀራል። ዕድሜም በግምት ስለሚጻፍ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ ስምን ለማረጋገጥ በዕድሜ ብቻ አይተማመኑ። በእርስዎ ክፍል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ካርድ ላይ ስማቸው እንዲሰፍር የማይፈልጉ ሰዎች በቤት ስማቸው ወይም በክርስትና ስማቸው ይመዘገባሉ።

የሚቻለው ነገር ይህ ነው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያምጡ፦ ሐ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው። ክፍተትንና አሕጽሮትን ያስወግዱ። ከዚያ በራስ ስም፣ በአባት ስም፣ በጾታ፣ በቀበሌና ካለ በስልክ ቁጥር አንድ ላይ ያመሳስሉ። የቀረውን በዓይን መመልከት ግድ ይላል።

ቀንንም ይጠንቀቁ። እኛ ካርድ ክፍል በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ሐኪሙ አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። የዓመቱ ልዩነት እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሆነ፣ አንድ ቁጥር በጅምላ ቢቀንሱ ከዓመቱ የተወሰነው ክፍል ይሳሳታል። ቀጠሮው ከተሰጠበት ቀን በፊት ሲውል ካዩ ሁለት አቆጣጠር መደባለቁን ይጠርጥሩ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አስቀምጫለሁ። ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ ካርዶች ከመደርደሪያው ይነሡና ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳሉ። እነዚያ ካርዶች የማን ናቸው? የእርስዎ ጥናት የሚፈልጋቸው የጠፉት ሰዎች ናቸው። ናሙናዎን ከመደርደሪያው ላይ ካወጡ በአመዛኙ የሚያገኙት የቀጠሉትን ነው። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ከክፍሉ መዝገብ፣ «አዲስ» ተብለው ከተመዘገቡት ላይ ያውጡ፤ ካርዱን ከዚያ በኋላ ይፈልጉ። ያልተገኘውንም ካርድ «አልተገኘም» ብለው ይቁጠሩት እንጂ በሌላ አይተኩት።

መልስ 2 (የአእምሮ ሐኪም፣ በኤፒዲሚዮሎጂ ማለትም በበሽታ ስርጭት ጥናት የሚሠሩ)

ከላይ የተጻፈው፣ በተለይ ስለ መደርደሪያው የተነገረው፣ በብዙ የምርምር ንድፎች ላይ የማጣው ነገር ነው። እኔ ካርዱ ውስጥ ፈጽሞ ስለማይገቡት ሰዎች ልጨምር።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ የተደረገውን ጥናት ያስታውሱ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል፤ መጠይቁ ያመለጣቸውን ለማግኘት ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች እንዲጠቁሙ ተደርጓል። በስኪዞፍሬኒያ ታመው ከተገኙት አብዛኞቹ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ያን ጊዜ ጥናቱ በሆስፒታል ካርድ ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ እነዚህ ሰዎች በአገሪቱ የሌሉ ያህል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ የጥናትዎ ርዕስ «በስኪዞፍሬኒያ የሚታመሙ ሰዎች» ሳይሆን «በዚህ ሆስፒታል ሕክምና የጀመሩ ሰዎች» ይሁን። ቃሉ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ግኝቱ የሚጸናውና የማይጸናው በዚህ ነው።

ከዚያው ቡታጅራ ሌላም ትምህርት አለ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው 121ዱ ሞተዋል፤ ይህም 13.2 በመቶ ነው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነበር። ይህን የማነሣው ካርድ ሞትን ስለማያውቅ ነው። ቤተሰብ ልጁን ከቀበረ በኋላ ለካርድ ክፍል ለማሳወቅ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ «አቋረጠ» ብለን ከምንቆጥራቸው መካከል ያረፉ ይኖራሉ። ሞትን በማቋረጥ ሥር ሸሽጎ ማለፍ ስለ ሕክምናው የምንናገረውን ሁሉ ያዛባል።

ወደ ሌላ የሄዱትም አሉ። የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ከተጀመረ ወዲህ፣ የተረጋጋ ታማሚን በቤቱ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መላክ ጥሩ ሥራ ነው። በሆስፒታሉ ካርድ ላይ ግን ልክ እንደ ጠፋ ሰው ባዶ ገጽ ትቶ ይሄዳል። የጤና ጣቢያውን መዝገብ ካላዩ፣ አገልግሎቱ የተሳካለት ሰው እንደ ውድቀት ይቆጠርብዎታል። ጠበል የገቡትን በተመለከተም መጠንቀቅ ያሻል። በሥራዬ እንዳየሁት፣ ጠበል ቆይተው ከፋሲካ በኋላ የሚመለሱ አሉ፤ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው የሚያስኬዱም አሉ። በመሐል ለሁለት ወር የጠፋና ጨርሶ የቀረ ሰው አንድ አይደሉም፤ ትርጉምዎ ሁለቱን መለየት መቻል አለበት።

ዲያግኖሲስን፣ ማለትም ለሕመሙ የሚሰጠውን ስም፣ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ሳይኮሲስ» (ከእውነታ መራቅ) ተብሎ የተጻፈው ከስድስት ወር በኋላ ባይፖላር ሊሆን ይችላል፤ ዲያግኖሲሱ ጠርቶ የሚለየው ሰውየው ሲመላለስ ነው። በመጀመሪያው ወር ያቋረጠ ሰው ዲያግኖሲሱ ሳይጠራ ይቀራል። «ስኪዞፍሬኒያ» ወይም «ባይፖላር» የሚል የጠራ ስም ያላቸውን ብቻ ከመረጡ፣ ቀድመው የጠፉትን ከጅምሩ አስወጥተዋቸዋል። በመጀመሪያው ቀን የሳይኮሲስ ወይም የማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣት) ምልክት የተጻፈላቸውን ሁሉ ያካትቱ።

ጓደኛዎ ስላነሣው ጥናት፦ የ2016ቱ ጥናት ስለ ጫትና ስለ አልኮል ስለሚጠይቅ በዚያ ረገድ አገራዊ ገጽታ ይሰጣል። ነገር ግን የድባቴም ሆነ የሳይኮሲስ መለኪያ የለውም፤ ቤት ውስጥ የሚኖሩትን ብቻ ስለሚጠይቅም በጎዳና ላይ ያለ ታማሚ አይደርሰውም። በአንድ ጊዜ የተጠየቀ መጠይቅ ደግሞ ክትትልን አያሳይም። ቅለቱ ይገባኛል፤ ግን ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

መልስ 3 (አሜሪካ የምትሠራ የመረጃ ተንታኝ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው የጤና መድን ክፍያ መዝገቦችን በመጠቀም የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምናን በማጥናት ነው። አገሩ ቢለያይም አንድ ሁለት ነገር ሊጠቅም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የክፍያ መዝገብ ከካርድ በላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ቀኑ፣ የበሽታው መለያ ኮድ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሁሉም በየዓምዱ ተሰድሮ ይገኛል። ነገር ግን የተጻፈው ለክፍያ ነው፤ ያልተከፈለበት ነገር በውስጡ የለም። እዚህ አንድን ሰው በአንድ ኮድ ብቻ በስኪዞፍሬኒያ የታመመ አንለውም፤ የተለመደው አንድ የመኝታ ሕክምና ወይም በተለያየ ቀን ሁለት የተመላላሽ ምርመራ መጠየቅ ነው፤ አንዱ ኮድ ለማጣራት ብቻ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል። የሰውየው ሕመም ቀለለ ወይስ ከበደ የሚለውን ደግሞ መዝገቡ አይነግረንም።

የሚያስተምር አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ የአሜሪካ የፌዴራል መድን ተቋም ለተመራማሪዎች ከሚሰጠው መረጃ ውስጥ ከሱስ ሕክምና ጋር የተያያዙ የክፍያ መዝገቦችን ለምሥጢር ጥበቃ ሲል አወጣ፤ የተመለሱት በ2017 ደንቡ ከተሻሻለ በኋላ ነው። በመሐል ያሉትን ዓመታት ሳያስተውል ያጠና ሰው የሱስ ሕክምና የቀነሰ ይመስለዋል። የቀነሰው ግን ሕክምናው ሳይሆን መዝገቡ ነበር። ዴንማርክ ውስጥም የአእምሮ ሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር የተያዘው ከ1969 ጀምሮ ቢሆንም ተመላላሽ ታካሚዎች የተጨመሩት በ1995 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጭማሪ ሁሉ የበሽታ ጭማሪ ነው ሊባል አይችልም። እርስዎም በሚያጠኗቸው ዓመታት ውስጥ መዝገቡ፣ ቅጹ ወይም የኮድ ዝርዝሩ የተለወጠበት ቀን ካለ ከክፍሉ ሠራተኞች ጠይቀው ይጻፉት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን በተመለከተ የምፈራው የማካፈያውን ቁጥር፣ ማለትም «ከስንት ሰው» የሚለውን ነው። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። አንድ ቤተሰብ መዋጮውን ሳይከፍል ቢቀር ታማሚው ከመዝገቡ ይወጣል፤ ነገር ግን ከሕክምናው ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ከኪሱ ከፍሎ ሊቀጥል ይችላል። ያልተመዘገበው ቤተሰብ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይታይም። ስለዚህ ይህን ምንጭ ዋና አያድርጉት፤ አባል መሆን አለመሆን ከማቋረጥ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ለማየት ከካርዱ ጋር ቢያገናኙት ግን ይጠቅማል።

እኔ ብሆን የምመርጠው የፋርማሲውን መዝገብ ነው፤ በካርዱ ላይ ተደርቦ። ያ እናቱ መድኃኒት የሚወስዱለት ወጣት በካርዱ ላይ ባይታይም በፋርማሲው ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደተሰጠ ከተጻፈ፣ ከአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ስንት ቀን መድኃኒት በእጁ እንደነበረ ማስላት ይቻላል። እርግጥ በእጅ መገኘቱ መዋጡን አያረጋግጥም።

ይህን ስጽፍ ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር አለ። በየወሩ ገደማ የሚወጋ መድኃኒት፣ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት፣ በእናንተ ሆስፒታል ይሰጣል? ክኒንን እናት ትወስዳለች፤ መርፌን ግን ሰውየው ራሱ መጥቶ መወጋት አለበት። የመርፌ ክፍሉ መዝገብ ካለ ከሁሉም ምንጮች ይልቅ ለእውነታው የቀረበው እሱ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአሥር ቀን ዝም ያልኩት ምክራችሁን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ስለተመለስኩ ነው።

የመርፌ ክፍሉ መዝገብ አለ። አራት ዓመት ስሠራ በየቀኑ አጠገቡ አልፌ እንደ መረጃ ምንጭ አስቤው አላውቅም ነበር። ጠርዙ ያረጀ፣ በእጅ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፤ ቀን፣ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ መድኃኒት፣ መጠንና የወጋው ባለሙያ ፊርማ አለበት። የዳር ኅዳጉ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ የጻፏቸው ቃላት አሉ፦ «አባቱ ደውለው ጠበል ነው አሉ»፣ «ለመኸር ሄደ»፣ «ወደ ጤና ጣቢያ ተላከ»፣ በአንድ ቦታ ደግሞ «አርፏል» የሚል። ካርዱ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም።

አሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው። ናሙናውን «አዲስ» ከተባሉት የክፍሉ መዝገብ ላይ አወጣለሁ፤ ዲያግኖሲሱ ገና ያልጠራውንም አካትታለሁ። ካርዱን፣ የፋርማሲውን መዝገብና የመርፌውን ደብተር አገናኛለሁ። ቀጠሮው ወይም መድኃኒቱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ለዘጠና ቀን በሦስቱም ላይ ያልታየውን «ያልታየ» እለዋለሁ፤ «አቋራጭ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ትቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከተመለሰም መመለሱን ለብቻው እመዘግባለሁ። ካልታዩት ውስጥ የተወሰኑትን በዕጣ መርጬ ምን እንደደረሰባቸው በስልክ ባጣራ፣ ምን ያህሉ በእርግጥ እንዳቋረጡ፣ ምን ያህሉ እንደተዛወሩና እንዳረፉ ለመገመት ያስችለኛል።

የቀረኝ ጥያቄ ስለዚሁ ስልክ ነው። ቁጥሮቹ ካርዱ ላይ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የታማሚው ሳይሆኑ የዘመድ ወይም የጎረቤት ናቸው። መደወል ይገባኛል?

መልስ 4 (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል)

ይህን ጥያቄ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ማንሣትዎ አስደስቶኛል። ቁጥሩ የተሰጠው ለሕክምና ነው፤ ለምርምር አይደለም። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ነው። የካርዱን መረጃ ስም አውጥቶ ለመጠቀም ኮሚቴ ያለ ግለሰብ ፈቃድ ሊፈቅድ የሚችልበት አግባብ አለ፤ መደወል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየውን በቀጥታ ይነካዋል።

ስልኩን ጎረቤት ቢያነሣና «ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምንደውለው» ብትሉ፣ ያ ሰው በመንደሩ ለዓመታት የሸሸገው ነገር በአንድ ደቂቃ ይወጣል። ለታጨች ልጅ፣ ቤት ለተከራየ ወይም ሥራ ለያዘ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከትል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ የሚደውለው ተመራማሪ አይሁን፤ ቀድሞም የቀረ ታካሚን የመፈለግ ኃላፊነት ያለበት የክፍሉ ነርስ ይሁን። በስልክ ላይ የክፍሉ ስም አይነሣ፤ የሆስፒታሉ ስም ብቻ ይበቃል፤ ታማሚው ራሱ ካልሆነ በቀር የሕመም ስም አይጠራ። ታማሚው ራሱ ከተገኘ መጀመሪያ ስለ ጤንነቱ ይጠየቅ፤ መመለስ ከፈለገ ቀጠሮ ይሰጠው። ለጥናት መጠየቁ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እምቢ ቢል ቀጠሮው እንደማይነካበት በግልጽ ይነገረው። ጥናቱን ለማካሄድ ብቻ ደውሎ፣ መድኃኒት አጥቶ የተቀመጠን ሰው መዝግቦ መተው በእኔ ኮሚቴ አያልፍም።

ስምን በተመለከተ፦ መዝገቦቹን ለማገናኘት ስም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማገናኘቱ በሆስፒታሉ ውስጥ፣ በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዘውት የሚወጡት መለያ ቁጥር ብቻ ያለው ፋይል ይሁን። የኅዳግ ማስታወሻዎቹንም ቃል በቃል አይጥቀሱ፤ በትንሽ ከተማ «ለመኸር ሄደ» የሚለው ከዕድሜና ከቀበሌ ጋር ሲደመር ሰውየውን ሊያስለይ ይችላል። በቀበሌ ከፋፍለው ሰንጠረዥ ሲሠሩም ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበትን ሳጥን ያጣምሩት።

ሲጽፉት ደግሞ ሪከርድ የተባለውንና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን፣ በአገልግሎት መዝገብ ለሚሠሩ ጥናቶች የተዘጋጀ የአጻጻፍ መመሪያ ይከተሉ። ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ፣ መዝገቦቹ እንዴት እንደተገናኙ፣ ስንት ካርድ እንዳልተገኘ እንዲገልጹ ይጠይቅዎታል፤ ከላይ የተሰጡዎት ምክሮች በሙሉ የሚሰፍሩበት ቦታ አላቸው።

የጤና መረጃ ባለሙያ

ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ አነስተኛ ሰንጠረዥ አለኝ፤ ሲፈልጉ በውስጥ መልእክት እልክልዎታለሁ። አንድ ማስተካከያም አለኝ፦ ዘጠናውን ቀን ሲቆጥሩ ጳጉሜንን እንዳይረሱ። ከነሐሴ ወደ መስከረም የሚሻገር ቀጠሮ ሁሉ በሠላሳ ቀን ወር ከተሰላ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጎድልበታል።

ጠያቂዋ

ረስቼው ነበር፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። የሦስቱን መዝገቦች ማገናኘት በክፍሉ መዝገብ ላይ ካሉት የመስከረም ወር አዲሶች እጀምራለሁ።